መሐል ሜዳ ለምትጫወቱ ልጆቼ

ባለፈው ልምምድ ላይ አንዷ ልጅ መጥታ "ኮች እኔን አጥቂ አድርጊኝ፣ መሐል ላይ እኮ ማንም አያየኝም" አለችኝ። እዛው ልመልስላት ፈልጌ ነበር ግን ጨዋታው ቀጠለ፣ ማታ ቤት ገብቼም ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፣ እና ለሷ ብቻ ሳይሆን ስድስትና ስምንት ቁጥር ሆናችሁ መሐል ላይ ለምትጫወቱ ሁሉ ልፃፈው ብዬ ነው። እኔም ስድስት ቁጥር ነበርኩ፣ ካቆምኩ በኋላ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ሴቶች አሰልጥኛለሁ።

የብራዚሏን አጥቂ ማርታን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ ፎርሚጋን ግን ስጠይቃችሁ ዝም ነው የምትሉኝ። ፎርሚጋ በፖርቹጊዝ ጉንዳን ማለት ነው፣ ስሟ ሚራይልደስ ማሲየል ሞታ ነው፣ ጉንዳን ያሏት ሜዳ ላይ ለራሷ ሳይሆን ለቡድኑ ስለምትለፋ ነው። በ1978 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምፅፈው) ብራዚል ሳልቫዶር ከተማ ተወለደች፣ እና ልብ በሉ፣ እሷ ስትወለድ ብራዚል ውስጥ ሴት ልጅ ኳስ እንዳትጫወት በህግ የተከለከለ ነበር፣ አዎ በዛች በኳስ ሀገር! ከ1941 ጀምሮ ተከልክሎ የተነሳው በ1979 ነው። ህጉ ተነሳ ማለት ደግሞ የሰፈሩ አፍ ተዘጋ ማለት አይደለም፣ ይሄን ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ይቺ ልጅ በ17 ዓመቷ 1995 ስዊድን ላይ የዓለም ዋንጫ ገባች። ከዛ 1999፣ 2003፣ 2007፣ 2011፣ 2015፣ 2019። ሰባት የዓለም ዋንጫ! ኦሎምፒክም ሰባት ነው፣ የሴቶች ኳስ ኦሎምፒክ ከገባበት ከአትላንታ 1996 ጀምሮ እስከ ቶኪዮ ድረስ አንድም አላመለጣትም። በ2019 ፈረንሳይ ላይ ስትጫወት 41 ዓመቷ ነበር፣ አብረዋት ማሊያ ከለበሱት ልጆች ውስጥ እሷ ስትጀምር ገና ያልተወለዱ ነበሩበት። ዓለም ዋንጫ ግን አልበላችም፣ በ2007 ፍፃሜውን በጀርመን 2 ለ 0 ተሸነፉ፣ አቴንስ 2004 እና ቤጂንግ 2008ም ሁለቱንም ፍፃሜ በተጨማሪ ሰዓት በአሜሪካ ተሸንፈው ብር ይዘው ተመለሱ። ሰው ይሄን ሲሰማ "አይ ታድያ" ይላል። እኔ ግን አንድ ሰው ሶስቴ እዛ ደጃፍ ደርሶ ተመልሶ በማግስቱ ልምምድ የሚገባበት ልብ ከዋንጫው በላይ ነው የሚገርመኝ።

አሁን "ማንም አያየኝም" ወዳልሽው ልምጣ። ከ90 ደቂቃ ውስጥ ኳስ እግርሽ ስር የምትቆየው ሁለት ሶስት ደቂቃ ብትሆን ነው፣ ለኮከብ አማካይም ቢሆን ከዚህ ብዙም አይበልጥም። የቀረው ጊዜ ምን ስታደርጊ ነው የሚያልቀው? የአማካይ ስራ እሱ ነው። ለዛ ነው ከኋላችሁ ቆሜ ጣቴን እያነሳሁ ቁጥር የማስጠራችሁ፣ ኳሱ ወደናንተ እየተንከባለለ አንገታችሁን አዙራችሁ ስንት ጣት እንደሆነ አይታችሁ መጮህ አለባችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው አይኑ ኳሱ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ድሮ አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዴም አልመለሰችም፣ በዛ አቧራ ላይ እያለቀሰች ነበር የምትሰራው። ከዛ አንድ ጠዋት "አራት!" ብላ ጮኸች፣ ኳሱን ሳታቆም በግራ እግሯ በአንድ ንክኪ ወደ ክንፍ አዞረችው፣ እኔም ጣቴን ማውረድ ረስቼ ቀረሁ። ያቺ ልጅ ከዛ በኋላ አብዶ ሳትሰራ ሰው ታልፍ ነበር፣ ኳሱ ሳይደርሳት አስቀድማ አይታ ስለጨረሰች።

ሁለተኛው ነገር ጉልበታችሁ ነው፣ እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። እኔ 24 ዓመቴ ላይ ጉልበቴ ዞረ፣ እብጠቱ እንኳን ሳይጎድል ወሳኝ ጨዋታ ነው ተባልኩ፣ መርፌ ተወግቼ ገባሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማንም ሳይነካኝ ስዞር "ቋ" ሲል ሰማሁት። በቃ፣ እዛ ላይ አለቀ። ያስገቡኝ ሰዎች በዓመቱ ስሜንም አያስታውሱም ነበር። ሴቶች ላይ የጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች በሁለት ሶስት እጥፍ ይበዛል፣ ስለዚህ ያንን ፊፋ 11 ፕላስ የሚሉትን 20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ስናሰራችሁ አትሰላቹ፣ በአንድ እግር መቆሙ፣ ዘሎ በትክክል ማረፉ፣ የኋላ ታፋ ስፖርቱ፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ ሳይቋረጥ ሲሰራ ጉዳት እንደሚቀንስ በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው። ካመማችሁ ደግሞ "አሞኛል" በሉ። ተቀያሪ ሆኖ መቀመጥ ያልፋል፣ ጉልበት ግን አይመለስም።

ኮንትራት ስትፈርሙ ኮፒውን ሳትይዙ ከቢሮው እንዳትወጡ፣ ትምህርታችሁንም እንዳታቋርጡ፣ ይሄን ደጋግሜ ስለነገርኳችሁ አላረዝመውም።

ወደ ፎርሚጋ ልመለስና፣ ከሪዮ ኦሎምፒክ በኋላ በ2016 ብሔራዊ ቡድን በቃኝ ብላ ነበር። አሰልጣኙ ለምኗት በ2018 ተመለሰች፣ የ40 ዓመት ሴት! በ2019 ከዓለም ዋንጫው በፈረንሳይ ቡድን ተሸንፈው ሲወጡ ማርታ ካሜራ ፊት ቆማ ሀገሯ ላሉ ሴት ልጆች ፎርሚጋ ሁሌ አትኖርም፣ እኔም ሁሌ አልኖርም፣ የሴቶች ኳስ እናንተን ነው የሚጠብቀው አለቻቸው። ያን ንግግር ባየሁት ቁጥር ያስለቅሰኛል፣ የመጀመሪያ የጠራችው ስም የጉንዳኗን መሆኑ ደግሞ ይብስብኛል። ማርታ ከፊት ስትጫወት ከኋላዋ ማን እየሮጠላት እንደነበር ታውቃለቻ።

አንቺ ልጅ፣ ረቡዕ ከልምምዱ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ነዪ። ያንን የፈረንሳይ ጨዋታ ስልኬ ላይ አውርጄዋለሁ፣ ኳሱን ትተን ስምንት ቁጥሯን ብቻ እንከተላታለን።