ጊምሳውን ከመውቀስሽ በፊት ደሙ መድረቁን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንደገባኝ ይሄ ነው፦ ደብረ ብርሃን ልምምድ ላይ ነሽ፣ ቢኤፍ (ወፍራምና ስስ የደም ጠብታ ያለበት የወባ መመርመሪያ ስላይድ) ስትሠሪ ወፍራሙ ጠብታ ጊምሳ (ማቅለሚያው) ውስጥ ተላጦ ይሄዳል፣ የቀረውም ሰማያዊ ሆኖ አይነበብም። እዚህ የመለሱልሽ ሁሉ «ጊምሳው አርጅቷል» ብለዋል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ብርዱን ነው።

ሸዋ ሮቢትም ደብረ ብርሃንም ሠርቻለሁ። ታች ቆላ ላይ ስላይዱ ቶሎ ይደርቃል፣ እዚያ ጠላትሽ ዝንብ ነው፤ ካልከደንሽው ደሙን ልሶልሽ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ አየሩ እርጥብ ነው። ላዩ የደረቀ ይመስላል እንጂ መሃሉ ገና ነው። እንደዛው ጊምሳ ውስጥ ስትከቺው ይላጣል። ሰው ታዲያ ቸኩሎ ምድጃ አጠገብ ወይ የማይክሮስኮፑ መብራት ላይ ያስጠጋዋል። ይሄ የባሰ ነው። ሙቀት ቀይ ሴሎቹን እንዳሉ ያጸናቸውና ጊምሳው ውስጥ ያለው ውሃ አያፈነዳቸውም፣ ሄሞግሎቢኑም አይወጣም፣ ወባው እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ሜታኖልም (ሴሎቹን የሚያጸናው አልኮል) ወፍራሙን ከነካው ያው ነው። ስለዚህ ስሱን ብቻ ሜታኖል ንኪው፣ ከዚያ ስሱን ወደ ታች አዘንብለሽ አድርቂ፣ እንፋሎቱ ወደ ወፍራሙ እንዳይወጣ።

መፍትሔው ጠብታውን ማሳነስ ነው። ለወፍራሙ 6 ማይክሮሊትር፣ ለስሱ 2 ይበቃል። ወፍራሙን ወደ 12 ሚሊሜትር ስፋት አሰራጪው። ገና እርጥብ እያለ ስላይዱን የታተመ ጽሑፍ ላይ ስታስቀምጪው ፊደሉ ከታቹ ከተነበበ ልኩ ያ ነው። ካልተነበበ ወፍሯል፣ ጠዋት የሠራሽው ከሰዓትም ላይደርቅ ይችላል። አግድመሽ አስቀምጪና በወረቀት አራግቢለት፣ ማራገቢያ ካለም በቀዝቃዛ አየር።

ስላይዱ ቅባት ካለውም ይላጣል። አዲስ ነው ብለሽ አትመኚው፣ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጊው፣ ጠርዙን ብቻ ያዢ። ጣቱም አልኮሉ ሳይደርቅ አይወጋም፤ የመጀመሪያውን ጠብታ ጠርገሽ ጣይው።

ሰማያዊነቱ ላይ ስንመጣ፣ ያ የውሃ ጉዳይ ነው። የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) 7.2 የሆነ በፈር፣ ማለትም ፒኤቹ የማይዋዥቅ ውሃ ተጠቀሚ። ከፍ ካለ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል፣ ዝቅ ካለ ወደ ቀይ ያደላል፣ የቫይቫክስ (አንዱ የወባ ዓይነት) ነጠብጣቦችም አይታዩሽም። 1 እጅ ጊምሳ ለ9 እጅ በፈር፣ 10 ደቂቃ አካባቢ። የበጠበጥሽውን በዚያው ተጠቅመሽ ድፊ፣ አታሳድሪ። ዋናው ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ እርጥብ ፒፔት እንዳይገባ፣ ጠብታ ውሃ ያበላሸዋል። ጓደኞችሽ «አርጅቷል» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይሄንን ነው። ስታጥቢም ቀለሙን መጀመሪያ አትድፊው፣ ውሃ ቀስ አድርገሽ ጨምሪበትና ላዩ ላይ ያለው ዝቃጭ ተንሳፍፎ ይውጣ፤ ቧንቧ ከፍተሽ ወፍራሙ ላይ ካፈሰስሽማ በደንብ የደረቀውም ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቂም። «እዚህ ደጋ ነው፣ ወባ ከየት ይመጣል» የሚል ካለ አትስሚው። ሰው ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ በየቀኑ ይመጣል። ደግሞ ያቺው ስላይድ ላይ ቦሬሊያም ልታገኚ ትችያለሽ፣ በቅማል የሚመጣው የሚያገረሽ ትኩሳት ማለቴ ነው፤ በሴሎቹ መካከል የሚጠማዘዝ ቀጭን ክር ይመስላል። 100 ፊልድ (በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ) ሳታዪ ነጌቲቭ ብለሽ አትጻፊ።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ከተላጠ የስላይዱን ፎቶ ለጥፊልን፣ የበፈርሽንም ፒኤች ጻፊ።