ካርዱ ላይ ያልተጻፈው ቀን

የአንባቢያን ጥያቄዎች፤ መልስ ከእስራኤሏ ኤይላት፣ ከባሕር ጠለቃ አሠልጣኙ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ግብፅ፣ ሁርጋዳ ላይ የፓዲን (የዓለም አቀፉን የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት) የዳይቭማስተር፣ ማለትም የጠላቂዎች መሪነት፣ ሥልጠና ጨርሼ ቱሪስቶችን እየመራሁ ሁለት ዓመት ገደማ ሠራሁ። ከዚያ እናቴ ስትታመም ሁሉን ትቼ አዲስ አበባ ገባሁ። አሁን ተሽሏታል። ኤምሬቶች፣ ፉጃይራ ያለ አንድ የጠለቃ ማዕከል ሊቀጥረኝ ፈልጎ የአባልነት ቁጥሬን ሲያጣራ ‹አልታደሰም› የሚል መልስ አገኘ። ካርዴን አገላብጬ አየሁት፤ የሚያበቃበት ቀን የሚባል ነገር የለበትም። እንደ አዲስ ልጀምር ነው?» (ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እናትህ እንኳን ተሻላቸው።

እንደ አዲስ አትጀምርም። ካርድህ ላይ ቀን ያልታተመው ተረስቶ አይደለም፤ የተማርከው ነገር የሚያበቃበት ቀን ስለሌለው ነው። ቀን ያለው በዚያ ካርድ ሰው እየመሩ ደመወዝ መቀበል ነው። እሱ በየዓመቱ በሚከፈል የአባልነት ክፍያ ይታደሳል። ዓመቱ ደግሞ አንተ ከተመረቅክበት ከማርች ተነሥቶ አይቆጠርም፤ ፓዲ ዘንድ የባለሙያዎች አባልነት የሚያበቃው ዲሴምበር 31 ነው። በማርች የተመረቀውም በመስከረም የተመረቀውም እዚያች ቀን ላይ ይገናኛሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ግድም ትውላለች። እኛ እዚህ የሐኑካ ሻማ የምናበራበት፣ እናንተ እዚያ የገና በግ ዋጋ መጠየቅ የምትጀምሩበት ሰሞን ስለሆነ፣ ሰው ቢረሳት ብዙም አልፈርድበትም።

አባልነቱ በየዓመቱ በራሱ እንዲታደስ አስቀድሞ የተስማማ ሰው ያነሰ ይከፍላል፤ ያዘገየ ይጨመርበታል። ጨርሶ ያልከፈለም ቢሆን መጥለቅ አይከለከልም፤ እንደ ማንኛውም ጠላቂ ጓደኛውን ይዞ ይወርዳል። በሙያው መሥራት ነው የማይችለው። የፉጃይራዎቹ ሰዎች ያደረጉትም ተገቢውን ነው። ቁጥርህን ሳያጣራ «ነገ ጀምር» የሚልህ ቢመጣ ኖሮ፣ እዚያ ቤት ሲሊንደሩንም ሳያጣሩ ይሞሉታል ብዬ እጠረጥር ነበር።

እንግዲህ መክፈል ነው። ዓመቱ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ ግን ከመክፈልህ በፊት ክፍያው የየትኛውን ዓመት እንደሚሸፍን በጽሑፍ ጠይቅ። ግብፅ ስትሠራ የነበረህ የአገሪቱ የጠለቃና የውሃ ስፖርት ምክር ቤት መታወቂያም እዚያው ግብፅ የሚቀር ነው፤ ኤምሬቶች ውስጥ ምን እንደሚያስፈልግህ ቀጣሪህን ጠይቀው። ኢንሹራንሱንም እንዲሁ፤ ማን እንደሚገባልህ፣ አንተ ወይስ ማዕከሉ፣ ገና ከአዲስ አበባ ሳትነሣ ይለይ።

አሁን ሁለት ሌሎች ሰዓቶች አሉብህ። የመጀመሪያ እርዳታና የልብ ማነቃቂያ ሥልጠናህ ለ24 ወራት ብቻ ነበር የሚቆጠረው፤ የ2022ቱ ከሆነ አልፏል። የሐኪም ማረጋገጫው ደግሞ በ12 ወር ያረጃል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ሂድ፤ መጀመሪያ የመጀመሪያ እርዳታውን አድስ፣ ሐኪም ዘንድ መጨረሻ ላይ ግባ። የቅጥሩ ጉዳይ ሦስት ወር ቢጓተት እንኳ ወረቀቱ ገና ትኩስ ይሆናል።

ሐኪሙ ዘንድ ስትገባ ደግሞ ይህን አደራ እልሃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ልጅ ለዳይቭማስተር ሥልጠና ወደዚህ መጣ። የሕክምና ቅጹ ሙሉ ነው፤ የክሊኒኩ ሰማያዊ ማኅተም ግማሹ ፊርማው ላይ ዐርፏል፣ ከሥሩ «12/3/2010» ተጽፏል። ሐኪሙ የጻፈው ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ ወረቀቱ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። የማዕከሉ ጸሐፊ ግን ማርች 12 ቀን 2010 ብላ አነበበችው። ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የሕክምና ወረቀት ይዞ የመጣ ደፋር! ልጁ «ትናንት የወጣ ነው» እያለ ይምላል፣ እርሷ ወረቀቱን እያሳየች ቁጥሩን በጣቷ ትመታለች። እኔ ተጠርቼ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን፣ ስለ 13 ወሩ፣ ስለ ጳጉሜን ሳይቀር ገለጥኩላት። በጣም ወደደችው። ወረቀቱን ግን አልተቀበለችም። ልጁ እዚሁ እንደገና ተመርምሮ ከኪሱ ከፈለ፤ ሦስት ቀንም ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ሌሎቹ ሲጠልቁ አየ። ስለዚህ ሐኪሙ ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በፊደል አድርጎ እንዲጽፍልህ ቆመህ ለምነው። የጠለቃ መዝገብህንም እንዲሁ ያዝ።

ወረቀቱ ይህን ያህል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ ከውሃ ከወጣህ ስንት ጊዜ ሆነህ? እኔ ትከሻዬን ታክሜ 14 ወር ከባሕር ርቄ ነበር። አባልነቴ የታደሰ፣ ኢንሹራንሴ የተከፈለ፣ ሁሉ ነገሬ ሙሉ። የተመለስኩ ቀን መዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ጥልቀት ላይ፣ ለዓመታት ተማሪዎቼን ሳስወልቅ የኖርኩትን የመጥለቂያ መነጽር ራሴ አወለቅኩ። ውሃው አፍንጫዬን ሲነካ በአፌ መተንፈስ ያለብኝ ሰውዬ በአፍንጫዬ ሳብኩ። አሥር ዓመት እንደሚሆነው ልጅ እየተንፈራገጥኩ ወጣሁ። ከገንዳው ዳር የቆመው የጽዳት ሠራተኛ ፎጣ አቀበለኝ፤ አልሳቀም፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

አዲስ አበባ ባሕር ባይኖርም የሆቴል ገንዳ አይጠፋም። ለዳይቭማስተር ስትፈተን 400 ሜትር ሳታቋርጥ ዋኝተሃል፣ ለ15 ደቂቃ ውሃ ላይ ተንሳፍፈሃል፣ በመተንፈሻ ቱቦ 800 ሜትር ሄደሃል፣ ያልነቃ ጠላቂ 100 ሜትር ጎትተሃል። ሰዓት ይዘህ ደግመህ ሞክራቸው። ፉጃይራ ስትደርስም የመጀመሪያውን ሳምንት ሰው ሳትመራ እንድትጠልቅ ፍቀዱልኝ በላቸው። ነውር የለውም፤ እኔ ቀጣሪ ብሆን እንዲያውም በዚህ እቀጥርህ ነበር።

«እኅትህ ነኝ፣ ጅቡቲ እሠራለሁ። ኦፕን ዋተር የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ካለፍኩ አራት ወር ሆነኝ፣ 34 ጊዜ ጠልቄያለሁ። ዓመቱ ሳያልቅ አሠልጣኝ ልሆን እችላለሁን? አዲስ አበባ በየወሩ ስለምመላለስ ጊዜው ይሻማኛል።» (ከጅቡቲ)

እኅቴ፣ በሕጉ ትችያለሽ። መካከል ላይ አድቫንስድና የነፍስ አድን ጠላቂነት ደረጃዎች አሉ። ዳይቭማስተር ለመጀመር 18 ዓመትና 40 ጠለቃ፣ ለመጨረስ 60 ጠለቃ ያስፈልግሻል። የአሠልጣኝነት ሥልጠና ለመግባት ጠላቂ ከሆንሽ ቢያንስ ስድስት ወር ሊሞላሽ ይገባል፤ ለፈተናው ስትቀርቢ ደግሞ 100 ጠለቃ መዝገብሽ ላይ መኖር አለበት።

የእኔን ከጠየቅሽኝ ግን አትቸኩዪ። ስድስት ወር የሚለው ከዚያ በታች አይሆንም ለማለት ነው እንጂ በስድስት ወር ግቢ የሚል ምክር አይደለም። መቶውን ቁጥር ለመሙላት አንዱን ኮራል እየዞሩ፣ በቀን አራት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ የሚጠልቁ ወጣቶች እዚህም አሉ። ፈተናውን ያልፋሉ። የመጀመሪያው ተማሪያቸው ጥልቀት ላይ ደንግጦ እጃቸውን ሲይዝ ግን የሁለቱም ዓይን እኩል ይፈጣል። አንቺ ካለሽበት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ በየወቅቱ የዓሣ ነባሪ ሻርኮች ይመጣሉ፤ ሞገዱም የውሃው ጥራትም ከቀን ወደ ቀን ይለያያል። ያንን ሁሉ ዓይተሽ ግቢ። አንድ ዓመት ይበቃሻል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፤ ምልልሱ። በተከታታይ ከጠለቅሽ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አትሳፈሪ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ 12 ሰዓት። በመኪና ወይም በባቡር እሄዳለሁ ብለሽም አትዘናጊ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጠላቂዎች እንደ ከፍታ መቁጠር የሚጀምሩት ግን ከ300 ሜትር ነው። ከጠለቃው ደምሽ ውስጥ የቀረው፣ ከፍታ ላይ አረፋ ሊሆን የሚችለው ናይትሮጅን ትኬትሽ የአውሮፕላን ይሁን የባቡር አይጠይቅም። ዓርብ ጠልቀሽ ቅዳሜ ማታ ተነሺ።

«የ12 ዓመት ልጄ ባለፈው ክረምት ኤይላት ላይ ጁኒየር ኦፕን ዋተር ወሰደ። 15 ሲሞላው እንደገና ተምሮ መፈተን አለበት ወይ? ወረቀቱስ አይቃጠልም?» (ከአሽዶድ)

እሜቴ፣ አይቃጠልም። 15 ዓመት የሞላው ቀን ያለ ሌላ ትምህርት የአዋቂ ደረጃ ያገኛል። እስከዚያ ግን የምስክር ወረቀት ያለው አዋቂ አብሮት ሳይኖር አይወርድም፣ ከ18 ሜትርም አያልፍም። እኛ አገር ደግሞ ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ካልጠለቀም ክለቡ መጀመሪያ የማስታወሻ ጠለቃ ያደርገዋል። ልጅዎ የሚጠልቀው ለትምህርት ቤት ዕረፍት ብቻ ከሆነ በመጣ ቁጥር ይህ ስለሚያገኘው፣ ክለቡ ዘንድ አስቀድመው ይደውሉና ለመጀመሪያው ጠዋት ያስመዝግቡት። አዲስ ካርድ የሚያሠሩለት ከሆነ ፎቶውን ይለውጡለት፤ በ12 ዓመቱ የተነሣውን ይዞ 15 ዓመት ሲሆነው የመጣን አንድ ጎረምሳ ጸሐፊያችን «ታናሽ ወንድምህን ነው የጠየቅኩህ?» ብላዋለች።