ግራ አንጎል ተጎድቶ ቀኝ እጅ ለምን ይዝላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ አባቴን ስትሮክ መቶት የተጎዳው ግራ አንጎሉ ነው ተባልን፣ አልንቀሳቀስ ያለው ግን ቀኝ እጁ ነው። ደሞ የምንለው ሁሉ ይገባዋል፣ ሊመልስ ሲል ግን ከአንድ ሁለት ቃል በላይ አይወጣውም። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ። የተነገራችሁ ልክ ነው። ትልቁ አንጎል ማለትም ሴሬብረም ግራና ቀኝ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ እጅና እግር የሚያዙት ነርቮች ደግሞ ወደ ታች ወርደው ህብለ ሰረሰር ጋ ከመድረሳቸው በፊት አብዛኞቹ ይሻገራሉ፣ ስለዚህ ግራው ቀኙን ያዛል ቀኙ ግራውን።

እኔን ሁሌ ሚገርመኝ የንግግሩ ነገር ነው። አብዛኛው ሰው ላይ ቋንቋ ያለው በግራ በኩል ነው፣ ከግንባር ጀርባ ባለው ፍሮንታል ሎብ ላይ ብሮካ የሚባል ቦታ አለ፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከማለት በቀር ብዙም መናገር የማይችል በሽተኛ ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን እዛ ጋ አገኘው። ይሄ ቦታ ሲጎዳ ቃል ማውጣት ጭንቅ ይሆናል፣ መረዳት ግን በአብዛኛው ይተርፋል። ጉዳቱ ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው የቬርኒከ ቦታ ላይ ቢሆን ግን ወሬው እንደ ጉድ ይፈስ ነበር፣ ትርጉም ግን የለውም።

ስታወሩት አትጩሁበት፣ ጆሮው እኮ ደህና ነው! አዎ ወይ አይ ብሎ ሚመልሰውን ጠይቁት፣ ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት፣ ጊዜ ስጡት። የንግግር ቴራፒ ደሞ ሐኪሙ ከፈቀደ ቶሎ ይጀምር።