ሻወር ቤት ውስጥ መብራት ሲሄድ፦ ጥያቄና መልስ

ሳሙና ፊቱ ላይ እያለ መብራት የሄደበት ሰው ችግሩን ማስረዳት አያስፈልገውም። መሃል አዲስ አበባ ባሉ አፓርታማዎችና ኮንዶሚኒየሞች መስኮት የሌለው ሻወር ቤት ሞልቷል። እዚያ ውስጥ ቀትሩም ሌሊት ነው። ሥራዬ የቤት መስመር መዘርጋት ስለሆነ፣ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር።

ከሰንጋ ተራ፦ ቻርጅ የሚያደርግ አምፖል ሁለት ገዛሁ። የሳሎኑ ሦስት ሰዓት ይቆያል። የሻወር ቤቱ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም ይላል። የተበላሸ ሸጠውልኝ ይሆን?

አይመስለኝም። አምፖሉ የሚሞላው ማብሪያው ሲበራ ብቻ ነው። ሳሎን በየማታው ለሰዓታት ይበራል። ሻወር ቤት ግን ገብተህ ትወጣለህ፣ ታጠፋለህ። ባትሪው መቼ ይጠግባል? ሁለቱን አቀያይረህ ሞክራቸው። ለሻወር ቤት የሚሆነው፣ ሰው ኖረም አልኖረም የሚሞላ ነው። ባለሙያውን “በማብሪያው የማይቋረጥ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ገመድ) አምጣልኝ” በለው።

ከአራት ኪሎ፦ ያ አምፖል ማብሪያው መጥፋቱንና መብራት መሄዱን በምን ይለያል?

ማብሪያው ሲጠፋ መስመሩ ይቆረጣል። መብራት ሲሄድ ግን መስመሩ በሌሎቹ የቤት ዕቃዎች በኩል እንደተያያዘ ነው፤ አምፖሉ ያንን ይለካል። በእጅ ሲይዙት የሚበራውም ሰውነታችን መስመር ስለሚሆንለት ነው። ልጆች አስማት ይመስላቸዋል። ታዲያ የራስሽ ብሬከር ከወደቀ ላይበራ ይችላል።

ከልደታ፦ ቤቴን ያሳመርኩት ብዙ አውጥቼ ነው። መብራት ሲሄድ የሚበራውን፣ ሁለት ዓይን ያለውን ነጭ ሳጥን ግድግዳዬ ላይ ማየት አልፈልግም።

እኔም አልወድም። ግማሽ ሜትር የ12 ቮልት ኤልኢዲ ስትሪፕ (እንደ ጥብጣብ የሚለጠፍ መብራት) ከመስተዋቱ ጀርባ ወይም ከመታጠቢያው ሥር ለጥፊ፤ ቢጫ ብርሃን ያለው ይሻላል። ሲጠፋ ማንም አያየውም። ባትሪው ከሻወር ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። ብዙ ሰው ለዋይፋይ የሚጠቀምበት ትንሹ ዩፒኤስ ይበቃል። እዚያው አጠገብ፣ ውጭ፣ ባለ 220 ቮልት ሪሌ (በኤሌክትሪክ ራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይገባል። መብራት እስካለ ስትሪፑን አጥፍቶ ይይዛል፣ ሲሄድ ያበራዋል። ወደ ውስጥ የሚገባው ቀጭኑ የ12 ቮልት ገመድ ብቻ ነው። የሪሌውን ሥራ ግን ለባለሙያ ስጪ።

ዩፒኤሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አያታልልሽ። 8800 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የሚለው በ3.7 ቮልት የተቆጠረ ነው፤ በ12 ቮልት ሲሆን ወደ 2700 ይወርዳል። በሜትር 5 ዋት ገደማ የሚበላ ስትሪፕ ግማሽ ሜትሩ ብቻውን ከሆነ ያም ቢሆን ሌሊቱን ያነጋል። ዋይፋዩ ከተጋራው ግን ቶሎ ያልቃል።

ከጎተራ፦ እናቴ ሌሊት ትነሳለች። ሰው ሲገባ በራሱ የሚበራውስ?

ለእሳቸው እሱ ይሻላል፣ ማብሪያ በዳበሳ ከመፈለግ ይድናሉ። በሩን የሚያይበት ቦታ ላይ ይሁን። እነዚህ ሴንሰሮች የሚያዩት የሰውነት ሙቀት ሲንቀሳቀስ ነው፤ በመስታወት አያልፍላቸውም። ዝም ብሎ የተቀመጠንም ሰው ይረሱታል። ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ እጄን እያውለበለብኩ አውቃለሁ። የሚቆይበትን ደቂቃ ከፍ አድርግላቸው።

ከካዛንቺስ፦ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ሚስማር እንኳ አያስመታኝም።

በማግኔት የሚለጠፍ፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ባለ ሴንሰር መብራት ግዛ። ስትሞላው አውጥተህ ሳሎን ሙላው። ስትለቅ ይዘኸው ትሄዳለህ።

ከፒያሳ፦ ሻማ ምን አለው?

ፎጣና የፕላስቲክ መጋረጃ አለው።

ከፖስታ ቤት አካባቢ፦ 220ውን ራሱን ወደ ውስጥ ባስገባስ?

ይቻላል፣ ግን የውሃ ፍንጣቂ የማያስገባ ዕቃ ይሁን፤ ካርቶኑ ላይ አይፒ 44 (IP44) ወይም ከዚያ በላይ የሚል ፈልግ። ከሻወሩ በላይ ከሆነ ከወለሉ ከ2.25 ሜትር ከፍ ይበል። ቦርዱ ላይ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ከሌለ ግን እኔ አልገጥምልህም። ቦይለርም ካለህ መከላከያውን አስቀድም።

ከልደታ፣ ድጋሚ፦ ተገጠመ! መሥራቱን በምን ልፈትሽ?

በማብሪያው አይደለም። ዋናውን ብሬከር አውርጂ፣ በሩን ዝጊና ግቢ። የበሩን እጀታና እርጥቡን ወለል ለይተሽ ካየሽ በቂ ነው። በወር አንዴ ድገሚው። አሳንሰር ውስጥ ሰው እንዳይጨነቅ የሕንፃውን ሳይሆን የራስሽን ብሬከር!