ልጥፍ ያለበት አውሮፕላን ያስፈራል?

ጥያቄ፦ ሰሞኑን አውሮፕላን ስሳፈር በሩ አጠገብ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ተደርቦ፣ ዙሪያውን በሪቬት (ቆርቆሮ በሚያያይዝ ሚስማር መሰል ማያያዣ) ተመትቶ አየሁ። እስክንወርድ ልቤ አላረፈም። አርጅቶ ይሆን? ያን ሁሉ ገላ ስንጥቅ ቢጀምረውስ በምን ያውቁታል?
(አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በልጥፉ እንኳን አትጨነቅ ወዳጄ። በር አካባቢ የዕቃ መጫኛ መኪና ወይም ደረጃ ሲገጨው ይጎደጉዳል፤ ያን ጊዜ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ቆርቆሮ ደርበው ይጠግኑታል። አዲስ አውሮፕላንም ላይ ታየዋለህ። የሚያስፈራው ማንም ያላየው ስንጥቅ ነው።

እርጅናውን ደግሞ በዓመት ብቻ አትለካው። አውሮፕላን ከፍ ሲል ካቢኑ በአየር ግፊት ይወጠራል፣ ሲያርፍ ይረግባል። ላይ እያለ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ከውስጥ 5 ቶን ገደማ የሚሆን ኃይል ይገፋዋል። ሽቦን ደጋግመህ ስታጥፈው እንደሚበጠስ ሁሉ አሉሚኒየሙም በየበረራው እየደከመ ይሄዳል፣ ብዙውን ጊዜም መሰንጠቅ የሚጀምረው ከሪቬት ቀዳዳ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ስንት ጊዜ ተነስቶ አረፈ ብለህ ጠይቅ።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሃዋይ ላይ ጣሪያው የተገነጠለው የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። ግን ከደሴት ደሴት አጭር አጭር በረራ ስለሚሠራ ወደ 90 ሺህ ጊዜ ተነስቶ አርፏል። ተደራርበው የተጣበቁት ቆርቆሮዎች ሙጫቸው ለቀቀ፣ ጭነቱ ሪቬቶቹ ላይ ወደቀ፣ ጥቃቅኖቹ ስንጥቆች ተገናኙ። በ24 ሺህ ጫማ ከፍታ 5 ሜትር ተኩል ያህል ጣሪያ ሄደ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች፣ የቀሩት 94 ሰዎች ተረፉ። የሚገርመው አንዲት መንገደኛ ስትሳፈር በሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። አንተ ስታይ ተናገር፣ ማንም አይስቅብህም።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ዓይን ነው። ቴክኒሻኑ ባትሪውን አጋድሞ እያበራ የተነፋ ቀለም፣ የላላ ወይም ዙሪያው የጠቆረ ሪቬት ይፈልጋል። ቀጥሎ ኤዲ ከረንት የሚባለው መሣሪያ ይመጣል። እርሳስ የሚያክል ጫፉ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል አሉሚኒየሙ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ፍሰቱ ይታወክና ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት ይዘላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሆን ተብሎ በተሰነጠቀ ናሙና ላይ ይፈተሻል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሪቬት መዞር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ መሣሪያው ሳይሆን ሰውየው ነው። የአሎሃን አደጋ ያጣሩት የአሜሪካ መርማሪዎች እንደጻፉት፣ ስንጥቅ የሚፈልገው ቴክኒሻን አንዳንዴ እንዳይወድቅ ከሀንጋሩ (አውሮፕላን ከሚጠገንበት አዳራሽ) ጣሪያ በገመድ ታስሮ አውሮፕላኑ አናት ላይ ይወጣል። ያውም ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። አንድ ሺህ ደህና ሪቬት ካየህ በኋላ ቀጣዩን እኩል አተኩሮ ማየት ቀላል እንዳይመስልህ!

አሁን እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በአሜሪካ ደንብ አምራቾች ለትልልቅ አውሮፕላኖቻቸው የበረራ ቁጥር ወይም የሰዓት ገደብ እንዲያስቀምጡ ይገደዳሉ። ያን ያለፈ አውሮፕላን፣ ገደቡ በአዲስ ጥናት ካልተራዘመለት በቀር፣ መንገደኛ ይዞ አይነሳም።