መልሳቸውን የማይጠይቁ ተሳፋሪዎች

ጥያቄ፦ አባቴ ይፍቱኝ። 24 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሚኒባስ ታክሲ ረዳትነት እሠራለሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ደግሞ መዘምር ነኝ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳልቀምስ ነው የምሠራው። ስለማልጠጣና ጫት ስለማልቅም ጓደኞቼ «ዲያቆኑ» ይሉኛል። አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። የሁለትና የሦስት ብር መልስ አንዳንዴ አልመልስም። ጮክ ብሎ «መልስ!» ያለኝን ወዲያው እሰጠዋለሁ፤ ዝም ካለ እኔም ዝም እላለሁ። መጀመሪያ ዝርዝር ስላልነበረኝ ነበር፤ አሁን ግን ኪሴ ውስጥ እያለም እንዲሁ ሆኗል። ማታ ስቆጥረው የምሳዬን ያህል ይሞላል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከወረዱ በኋላ በመስኮቱ ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስዘምር ድምፄ ይታነቅብኛል። ሾፌሩ «ለሁለት ብር ማን ሲኦል ይገባል?» አለኝ። ይህ በእውነት ኃጢአት ነው ወይስ ራሴን በከንቱ እያስጨነቅኩ ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ።

በከንቱ የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። «በጾም ቀን ፊቴን ስታጠብ ጠብታ ውኃ ወደ ጉሮሮዬ ገባ፤ ጾሜ ፈረሰ ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። እነሱን «በሰላም ሂዱ» ነው የምላቸው። ያንተ ግን ከዚያ ወገን አይደለም። ጌታ ጸሐፍትንና ፈሪሳውያንን የወቀሳቸው ከአዝሙድና ከከሙን ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ነው (ማቴ. 23፥23)። አንተ የያዝከው የሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ነገርህ ያለው ከከሙኑ ጋር ሳይሆን ከፍርዱና ከታማኝነቱ ጋር ነው። አዎ፣ ኃጢአት ነው።

ከደብዳቤህ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት፦ «ዝም ካለ እኔም ዝም እላለሁ።» ዝም የሚለው ማን ነው? ከገጠር የመጣና ታሪፉን የማያውቅ፤ ልጅ አዝላ፣ በእጇ ዘንቢል ይዛ ለመውረድ የምትጣደፍ እናት፤ በወንዶች መካከል ድምፅዋን ማሰማት የምታፍር ልጅ፤ ጆሮአቸው የከበደ ሽማግሌ። እጅህ ብሩን ከመያዙ በፊት ዓይንህ እነዚህን መርጧል። የሚጮኸውን ትፈራለህ፤ የማይጮኸውን ትወስድበታለህ። አባቶቻችን ኃጢአት በሐልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በንግግር)፣ በገቢር (በሥራ) ይፈጸማል ሲሉ ያስተማሩን ይህንን ነው። ብሩ ኪስህ የሚገባው ኋላ ነው፤ ተሳፋሪው ገና ሲሳፈር በልብህ ተለይቷል። ሾፌርህ የቆጠረው ብሩን ብቻ ነው። እኔን ያስፈራኝ ምርጫህ ነው።

ይህን የምልህ መንገዱን ስለማውቀው ነው። በ1978 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፤ 12 ዓመቴ፣ ገና ዳዊት እማራለሁ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን የለመንነው ሁሉ ጎጆ ገብቶ፣ ተደባልቆ፣ እኩል ይከፈላል። ሕጋችን ይህ ነበር። ውሻ የሚፈራ፣ ሁልጊዜ ባዶ አኮፋዳ ይዞ የሚመለስ አንድ ትንሽ ልጅ ነበር፤ እሱም ድርሻውን ያገኛል። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ትኩስ እንጀራ በሽሮ ጠቅልለው ሰጡኝ። ከቤታቸው ኋላ፣ ቁልቋሉ ሥር ተቀምጬ ብቻዬን በላሁት። ጎጆ ስገባ «ዛሬ እዚያ መንደር አልሰጡኝም» አልኩ። በማግስቱም ያው ቁልቋል ሥር ተቀመጥኩ። ወር ሳይሞላ፣ ሌላ ተማሪ ወደዚያ ቤት እንዳይሄድብኝ ስል «እኚያ ሴትዮ ውሻ ይለቁብናል» ብዬ አስወራሁ። ያበሉኝን እናት ስማቸውን አጠፋሁ። ከአንዲት እንጀራ ተነሥቼ እዚህ ስደርስ አንድም ቀን «ዛሬ ትልቅ በደል ሠራሁ» ብዬ አላሰብኩም።

ባልቴቷ ለቅዳሴ መጥተው የኔታን «ልጆቹ ለምን ቀሩብኝ?» ብለው ሲጠይቋቸው ነገሩ ወጣ። የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። ዱላ ስጠብቅ «መጀመሪያ የበላህበትን ቦታ አሳየኝ» አሉኝ። በትራቸውን ይዤ እየመራሁ ቁልቋሉ ሥር አደረስኳቸው። በእጃቸው አጥሩን ዳሰሱ፣ ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ «ከነገ ጀምሮ በዚህ በኩል አትመለስ፤ በወንዙ በኩል ዙር» አሉ። ከሌላ ነገር ሁሉ በፊት ያዘዙኝ ይህን ነው። የወንዙ መንገድ ዳገት አለው፣ ሩቅም ነው፤ ግን ተደብቆ የሚበላበት ጥግ የለውም። ይቅርታ ሊያስጠይቁኝ ወደ ባልቴቷ ቤት የወሰዱኝ በሌላ ቀን ነው።

ዳዊትንም ተመልከት። ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 የሚጀምረው ከቤርሳቤህ አይደለም። ነገሥታት ወደ ጦርነት በሚወጡበት ወራት ዳዊት ኢዮአብን ልኮ እሱ ኢየሩሳሌም እንደ ቀረ በመናገር ነው። መቅረቱ በራሱ ማንንም አልጎዳም ነበር። ነገር ግን ሰገነቱ ላይ ሆኖ ቤርሳቤህን ያየው በመቅረቱ ነው።

ያንተ ቁልቋል የቱ ጋ ነው? ራስህ ጽፈኸዋል፦ ነገሩ የጀመረው ጠዋት ያለ ዝርዝር በመውጣትህ ነው። ታክሲው ሞልቶ፣ ሰው እየወረደ፣ ሾፌሩ «ቶሎ በል!» እያለህ ከሁለት ብር ጋር መታገል ከባድ ነው። ማታ ዝርዝር መያዝ ግን ቀላል ነው። በሰፈርህ ካለው ሱቅ ለምነህ ያዝ። ተራው ላይ ካሉት ዝርዝር ሻጮች ስትገዛ ጥቂት ቢቆርጡብህም ግዛ፤ የመንገድህ ዳገት እሱ ይሁን። ሒሳብ ስትቀበል እጅህን ሳታጥፍ መልሱን ስጥ፤ ዝም ካሉት ጀምር። ካለቀብህ ደግሞ ሰው እየሰማ «እናቴ፣ ሁለት ብር መልስ አለዎት፤ ሳይወርዱ እሰጥዎታለሁ» በል። ጮክ ብለህ የተናገርከውን መርሳት አትችልም። ሾፌርህ ይናደድ ይሆናል፤ ታገሠው።

እስከ ዛሬ ያስቀረኸው ያንተ አይደለም። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ነበር፤ አንተ ግን ባለ ገንዘቦቹን ሁሉ አታገኛቸውም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የነፍስ አባትህ ዘንድ ሂድ። «ብዙ በድያለሁ» ብለህ በጅምላ አትለፈው፤ ከማን እንዴት እንደምታስቀር ልክ ለእኔ እንደጻፍከው ንገራቸው። የንስሐ ቀኖናህን እሳቸው ይሰጡሃል። ግምቱን ለችግረኛ ስጥ ቢሉህ ስጥ፤ እሱን ግን ምጽዋት ብለህ አትቁጠረው። ከመዝሙርም አትቅር። ድምፅህን ያነቀው ያልሞተው ሕሊናህ ነውና ከእሱ አትሽሽ።

እኚያ እናት ምናልባት በመስመርህ ይመላለሱ ይሆናል። ሲሳፈሩ ካየሃቸው ሒሳብ ከመቀበልህ በፊት የዚያን ቀኑን መልሳቸውን ስጣቸው፤ ለምን እንደሆነም ንገራቸው።