ለአራት ዓይነት ወለል አንድ አሲድ አይሆንም

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። የመዋኛ ገንዳችን ጠርዝ እብነ በረድ፣ ዙሪያው የሲሚንቶ ሊሾ፣ ሻወሩ አጠገብ ያለው ሴራሚክ፣ መጠጥ የሚቀርብበት ጥግ ደግሞ ጣውላ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ሊሾው አረንጓዴ ሆኖ ሰው ያንሸራትታል። በአሲድ ብናሳጥበው እብነ በረዱ ደበዘዘ፤ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መሙያ፣ ቦያካውም፣ መፈርፈር ጀመረ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ጥሩ ማጽጃ ካለ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሁሉም የሚሆን ማጽጃ የለም። እርስዎ የሚያስተዳድሩት አራት የተለያዩ ወለሎችን ነው፤ አንዱን የሚያጸዳው ሌላውን ይበላዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ወለል በማንጠፍና በመጠገን ስሠራ የማየው አብዛኛው ጉዳት ከቆሻሻው ሳይሆን ቆሻሻውን ለማስለቀቅ ከፈሰሰው አሲድ የመጣ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ሰው ጤና ልናገር። አሲድና በረኪና በምንም መንገድ መገናኘት የለባቸውም፤ ሲቀላቀሉ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣቸዋል። በአንድ ባልዲ ውስጥ ባይቀላቀሉም እንኳ፣ ጠዋት በአሲድ ታጥቦ በሚገባ ባልተለቀለቀ ወለል ላይ ከሰዓት በኋላ በረኪና ማፍሰስ ያንኑ አደጋ ያስከትላል። የገንዳውን ውሃ የምታክሙበት የክሎሪን ዱቄትም ከአሲድ ጠርሙስ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ከመጀመርዎ በፊት አሲድ የነካውን ወለል ሁሉ በብዙ ውሃ ደጋግመው ያስለቅልቁ።

ወደ እብነ በረዱ ልምጣ። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ያሟሟዋል። አሁን የሚታይዎት ድብዝዝታ በላዩ ላይ የቀረ እድፍ ሳይሆን የድንጋዩ ፊት ተበልቶ የተፈጠረ ሻካራነት ነው፤ በመሆኑም የትኛውም ሳሙና አይመልሰውም። ሎሚ፣ ኮምጣጤና ለስላሳ መጠጥም አሲድነት ስላላቸው፣ ቀስ ብለውም ቢሆን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መፍትሔው በውሃ እየረጠበ በሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ወይም በመፈግፈጊያ ማሽን ፊቱን እንደገና ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ ግን ባለሙያው «እንደ መስታወት ላብራልዎ» ቢል አይቀበሉት። የሚያብረቀርቅ እብነ በረድ ለሳሎን እንጂ እርጥብ ባዶ እግር ለሚረግጠው የገንዳ ጠርዝ አይሆንም። ከ220 እስከ 400 ቁጥር ባለው ወረቀት ወጥ የሆነ፣ የማያብረቀርቅ ገጽ ከተሰጠው በቂ ነው፤ በዚህ መንገድ አሲዱ ያደረሰውም ጉዳት ይጠፋል፣ ማንሸራተቱም ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ከተበጠበጠ አሲድም በረኪናም የሌለበት ፈሳሽ ሳሙና በቀር ምንም አያስነኩት።

የድንጋዩን ዓይነት የማያውቁበት ቦታ ካለ፣ ከዕይታ በራቀ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ሎሚ ያንጠባጥቡ። አረፋ ካወጣ ወይም ሲደርቅ ነጭ ጠባሳ ከተወ፣ አሲድ የማይችል ድንጋይ ነው ማለት ነው። ቴራዞም (ጠጠር በሲሚንቶ ተይዞ የሚፈገፈገው ወለል) ቢሆን ጠጠሩ ብዙውን ጊዜ እብነ በረድ፣ ማያያዣው ሲሚንቶ ስለሆነ ከዚሁ ወገን ነው። በአካባቢያችን በብዛት የሚጠረበው ጥቁር ድንጋይ ግን እንዲህ አረፋ አያወጣም፤ ተጠርቦ ሻካራ ሆኖ ከተነጠፈም ለገንዳ ዙሪያ ከእብነ በረድ ይልቅ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

የሊሾው አረንጓዴ ነገር አልጌ ነው። አልጌ እርጥበትና ብርሃን ካገኘ፣ የሚይዘው ትንሽ አቧራም ካለ፣ ቢያጥቡትም ተመልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በምን ይታጠብ የሚለው ሳይሆን ውሃው ለምን እዚያ ይቆማል የሚለው ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወለሉን በሙሉ በውሃ ያርሱትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃ ያቆረባቸውን ቦታዎች በጠመኔ ያክብቡ። አረንጓዴው ከጠመኔው ክብ ጋር ሲገጥም ያያሉ። የገንዳ ዙሪያ ወለል በአንድ ሜትር ርቀት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ውሃውን ከገንዳው አርቆ ወደ ማፋሰሻው መውሰድ አለበት። ጉድጓዱ ጥቂት ከሆነ የከበቡትን ብቻ አስፈልፍሎ፣ አሮጌውን ፊት አሻክሮና አርጥቦ መሙላት ይቻላል። በለሰለሰ አሮጌ ሊሾ ላይ ግን ስስ ሲሚንቶ ቀብቶ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው፤ ስለማይያያዝ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ ቅርፊት ይነሣል።

እጥበቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ አቧራውን በደረቁ ያስጠርጉ፤ ካልተጠረገ ውሃ ሲነካው ጭቃ ይሆንና ሥራው ይበዛል። ቀጥሎ በሳሙና ታጥቦ ይለቅለቅ። ከዚያም 5 በመቶ የሆነውን የቤት በረኪና አንዱን እጅ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠው አልጌው ላይ ያፍስሱና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ እንዳይደርቅ እየተጠበቀ በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ይፈግፈግ። የሽቦ ብሩሽ አይጠቀሙ፤ የሚሰበረው ሽቦ ወለሉ ላይ ቀርቶ ይዝጋል። ሠራተኞቹ ጓንትና ቦቲ ይልበሱ፤ በአጠገቡ ያሉት አትክልቶች አስቀድመው በንጹሕ ውሃ ይራሱ፤ የመለቅለቂያው ውሃም ከገንዳው ወደ ውጭ ይገፋ እንጂ ወደ ገንዳው አይመለስ። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ይህን ሥራ በማለዳ መጨረስ ይገባል፤ ረፋዱ ላይ በረኪናውም ሳሙናውም ሳይሠራ ይደርቃል። ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ፣ በተለይ የጦሳ ተራራ ጥላ በሚያርፍበት በኩል፣ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ወለል ለመድረቅ ጊዜ ስለሚፈጅ አልጌውም ቶሎ ይመለሳል።

በግፊት የሚያጥብ ማሽን ካላችሁ ለሊሾው ይጠቅማል፤ ነገር ግን አፉ ከወለሉ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ በአንድ ቦታ ላይም አይቁም፤ አለበለዚያ የሲሚንቶውን የላይኛውን ፊት ልጦ አሸዋውን ያወጣዋል። የኤሌክትሪክ ገመዱና ሶኬቱ ውሃ በማይደርስበት ቦታ መሆኑን፣ መስመሩም አደጋ ሲፈጠር በራሱ የሚቆርጥ መከላከያ እንዳለው ሳያረጋግጡ ማሽኑን አያስነሱ።

ሊሾው ንጹሕ ሆኖም እርጥብ ሲሆን የሚያንሸራትት ከሆነ፣ ችግሩ የተሠራበት ልስላሴ ነውና በማሽን ማሻከር ያስፈልጋል። ውሃ እንዳይመጥ የሚቀባ መከላከያ ሲገዙም ወደ ውስጥ ሰርጎ የሚገባውን እንጂ ከላይ እንደ ቫርኒሽ የሚያበራውን አይምረጡ፤ የሚያበራው እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ ከሥር የሚመጣውን እርጥበትም አፍኖ ይላጣል። አዲስ የተሞላው ቦታ 28 ቀን ሳይሞላው፣ ወለሉም በደንብ ሳይደርቅ አይቀባ። ለዚህ ከጥቅምትና ከኅዳር የተሻለ ጊዜ አያገኙም።

በሲሚንቶው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ፣ ውሃ ከሥር እየወጣ ሲተን የሚተወው ጨው ነው። በውሃ ሲያጥቡት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ በደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ ይነሣ፣ ከዚያም ውሃው የሚገባበት ስንጥቅ ይፈለግ።

ሴራሚኩ ራሱ አሲዱን ችሎታል፤ የተጎዳው በመካከሉ ያለው ቦያካ ነው፣ ምክንያቱም የተለመደው ቦያካ ሲሚንቶ ነው። የፈረፈረውን ቢያንስ እስከ ውፍረቱ ሁለት ሦስተኛ ድረስ አስወጥተው በአዲስ ይሙሉት፤ ከላይ ብቻ የተለሰነ ቦያካ አይቆይም። ገንዘቡ ከተገኘ ከሲሚንቶ ሳይሆን ከሚጠነክር ሙጫ የሚሠራው የኤፖክሲ ቦያካ አሲድንም ክሎሪንንም በተሻለ ይቋቋማል። ሴራሚክ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ለባዶ እግር የተመረመረ መሆኑን ሻጩን ይጠይቁ፤ በጀርመኑ ደረጃ ለገንዳ ዙሪያ የሚፈለገው ምድብ «ቢ» ሲሆን፣ ወደ ውሃው ለሚያስገባው መውረጃ ደግሞ ምድብ «ሲ» ነው።

በእብነ በረዱ ጠርዝና በሊሾው መካከል ያለው ክፍተትም ይታይ። ብዙ ቦታ በሲሚንቶ ተደፍኖ አገኘዋለሁ፤ ይህ ስሕተት ነው። ገንዳውና ወለሉ በሙቀትና በብርድ የሚንቀሳቀሱት ለየብቻ ስለሆነ፣ ክፍተቱ በሚለጠጥ ማሸጊያ መሞላት አለበት፤ አለበለዚያ ሲሚንቶው ይሰነጠቅና ውሃ ከጠርዙ ሥር ይገባል።

ጣውላውን በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና፣ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ማጠብ ይበቃዋል። በረኪና አያስነኩት፤ ጅማቱን ያሳሳዋል። በጣውላዎቹ መካከል የተጠራቀመውን ቅጠል አውጥተው ሲደርቅ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ዘይት ያስቀቡት። በገንዳው ዙሪያ ያሉት የብረት ወንበሮች እግራቸው ላይ የጎማ ቆብ ይደረግላቸው፤ ዝገት እብነ በረድ ውስጥ ከሰረገ በኋላ ማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ለዝገት የሚሸጡት ማስለቀቂያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ያው አሲድ ናቸው።